ከጊታሩ በፊት

እሷን ማን ሰው ብሎ ይጠይቃታል! የሜታል ሙዚቀኛው ልጇ ከተቀበረ ወር ሳይሞላው፣ የድምፅ ባለሙያውና ከበሮ መቺው ክፍሉን ወርሰው፣ ሳይጨርሰው የሄደውን ሃያ ሦስተኛ አልበም ሲያሰናዱ፣ እናትየውን እንደ ተረሳ ጃንጥላ በር ሥር አስቀመጧት። ፊደል አልቆጠረችማ! ግን ልጇ ድስቷን በሰንሰለት ሲቀጠቅጥ፣ ዜማውን በአሥራ አንድ ምት ጀምሮ በሰባት ምት ሲሰብረው፣ የቀደሙትን ሃያ ሁለት አልበሞች ሁሉ በግድግዳው በኩል ከማንም ቀድማ የሰማች እሷ ነበረች።

ባለሙያው ከጊታሩ በፊት ሲር የምትለውን ድምፅ ስክሪኑ ላይ ከልሎ ቆረጣት።

"ምን አጠፋህ?" አለችው።

"ጫጫታ ነው እማማ፣ እያጸዳሁ ነው።"

"ሃያ ሁለት አልበም ሙሉ ጫጫታ አይደል እንዴ! ዛሬ ነው የተሰማህ?"

ከበሮ መቺው ሳቅ አመለጠው። እሷ ግን ተነሥታ የባለሙያውን ወንበር ጨብጣ ቆመች።

"እስቲ ድገመው።"

ደገመላት። ጊታሩ ባዶ ጸጥታ ላይ ዱብ አለ። ልጇ ክሩን ከመምታቱ በፊት ሁልጊዜ በዚያ በታመመ ደረቱ አየር ይስብ ነበር፤ እሷም ከግድግዳው ወዲያ ያንን ሳትሰማ ማንኪያ አታነሳም ነበር።

"ትንፋሹ ነው" አለች። "ሌላ የቀረኝ የለም። ከፈለግህ ጊታሩን ቁረጠው፤ እሱን ግን አሁኑኑ፣ እዚሁ ቆሜ እያየሁህ፣ ወደ ቦታው መልስ!"