ጠዋት የሚሞቅ አልጋ

ዘበኛው ከሥራ ከተሰናበተ ሰንብቷል። ሚስቱ ግን አታውቅም።

የሚጠብቀው ሕንፃ ካሜራ ተገጠመለትና «አንተ እንኳ ታንቀላፋለህ፤ እሱ አያንቀላፋም» ተብሎ በሳቅ ተሸኘ። በዚያው ሳምንት አከራያቸው ኪራይ ጨመረች። ከተማው በየቀኑ ይሰፋል፤ ቤት ፈላጊው ደግሞ ከዚያ ብሶ ይጎርፋል። እሷም ይህን ስለምታውቅ «ካልተስማማችሁ በሩ ክፍት ነው፤ እናንተ ስትወጡ የሚገባው ደጅ ቆሟል» አለቻቸው። ባልና ሚስቱ ያላቸው አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው። ይቺን ከለቀቁ እሷ ወደ ወንድሟ ቤት፣ እሱ ወደ ጎዳና ነው። በዚያ ሰሞን «ተባረርኩ» የሚለው ቃል ከአፉ እንዴት ይውጣ? «ደመወዝ ዘግይቷል» አላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ እያደር ከበደ።

ማታ ማታ እንደ ወትሮው ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሚስቱ እስከ ግቢው በር ትሸኘዋለች። «ብርድ እንዳይመታህ የኔ ጌታ» ስትለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። መጀመሪያ መጋዘን ሄዶ ከጭነት መኪና ጆንያ ያወርዳል፤ የሚከፈለው ከዕለት ጉርሱ ብዙ አያልፍም። ከዚያ ሆስፒታል ገብቶ፣ የበሽተኛ ቤተሰብ መስሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ያድራል። «በሽተኛህ እንዴት ነው?» ይሉታል አስታማሚዎቹ። «ተመስገን፣ ትንሽ ተሽሎታል» ይላል። አንዲት እናት አዝነውለት ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡት። በላው፤ ግን አልጣመውም።

ሊነጋ ሲል ሚስቱ ትደውላለች። «ወጣህ? የት ደረስክ?» ትለዋለች። ድሮ እንዲህ ያለ አመል አልነበራትም።

ቤት ሲደርስ ተጣጥባ፣ ለብሳ፣ ደጅ ቆማ ያገኛታል። አልጋው ግን ይሞቃል። ትራሱ ሲጋራ ሲጋራ ይላል። እሱ አያጨስም፤ እሷም አታጨስም። አንድ ቀን አንሶላው ውስጥ የእሱ ያልሆነ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘ። ሌላ ቀን ቀደም ብሎ ሲመጣ አንድ ሰውዬ ኮሌታውን እያስተካከለ ከግቢው ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠሙ። ሰውየው «እንዴት አደርክ» ብሎት አለፈ።

«ማነው እሱ?» አላት ሚስቱን።

«የቱ?» የያዘችው ጣሳ ከእጇ አመለጠ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄ ግቢ እንደሆነ ሰው ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው።»

«የዚህ ወር ኪራይስ?»

«ከፈልኩት።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«አብቃቅቼ ነዋ! ምነው ዛሬ እንደ ፖሊስ መረመርከኝ?» አለችው። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

የሰው ልብስ አጥባ የምታገኘውን እሱ አሳምሮ ያውቀዋል። አዲሱን ኪራይ እንኳን ሊሞላ ግማሹ ላይም አይደርስም።

ዘበኛው ነገሩን በሆዱ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሊጮህባት ፈለገ፤ ግን በምን አፉ? ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሌሊት ምን ስትሠሪ አደርሽ?» ቢላት፣ «አንተስ?» ብትለው ምን ሊመልስ ነው? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ብሎ ራሱን ገሠጸ። ያ ኮሌታ ግን ከዓይኑ አልጠፋም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ጥፋቱ የራሱ መሆኑ ነው። ባዶ እጁን እየገባ፣ የኪራዩን ነገር እሷ ላይ ጥሎ የተኛ እሱ ነው።

አንድ ማታ እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ከመንገድ ተመለሰ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካልያዛት የራሱ ውሸት ሊወጣ ነው፤ ከያዛት ደግሞ ትዳሩ አበቃ። ተመልሶ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ።

ክረምቱ ሲበረታ የመጋዘኑ ሥራ ቀዘቀዘ። ሆስፒታሉም ነቃበት።

«ወንድሜ፣ በሽተኛህ የትኛው ክፍል ነው?» አለው የሆስፒታሉ ዘበኛ። ዘበኛና ዘበኛ ተያዩ። «አትቀየመኝ፣ አለቃዬ ካየህ እኔን ነው የሚያባርረኝ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አጥንቱን ብርድ ብርድ እያለው አንድ ደላላ ጋ ሄደ። ደላላው ከሱቅ በረንዳ ሥር ዝናቡን ተጠልሎ ነበር።

«ለማደሪያ ብቻ?» አለ ደላላው። «ደግ አደረግክ። ዘንድሮ ክፍል ማን ይችላል? አሁን የሚከራየው እንቅልፍ ነው። አንዲት ሴት አለች፤ አልጋዋን ማታ ማታ ታከራያለች። ሌላ ነገር እንዳታስብ፣ ጨዋ ናት። ራሷ ሌላ ሰው ቤት ሄዳ መሬት ላይ ነው የምትተኛው። የቀድሞው ሰው ትናንት ለቀቀላት።»

«ባሏ የሞተባት ናት?»

«አልጠየቅኳትም። ኪራዩ ግን ሊገድላት ነው።»

እሷ መሬት ላይ ተኝታ እሱ አልጋዋ ላይ ሊንፈራጠጥ ነው። ይሄም ለዘበኛው ሌላ ኃጢአት ሆነበት። ዛሬን ልደርና ነገ ለሚስቴ ሁሉንም እናዘዛለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ቆረጠ።

ደላላው ዣንጥላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ደወለና እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ለቀቀው። «እመቤቴ፣ ለዛሬ ሰው አግኝቼልሻለሁ። ደህና ሰው ነው።»

«እሺ፤ ብቻ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እንዳያገኘው ማልዶ ይውጣልኝ» አለች ሚስቱ።