የጎማው ዕድሜ

ጀላል ጎማውን ገልብጦ የውስጡን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጥቁር ዱቄት እጁ ላይ ቀረ። እጁን በሱሪው ጠረገና ሌላ ቦታ ተጫነ። አሁንም ዱቄት።

"መሪጌታ፣ ይሄን ከየት አመጡት?"

መሪጌታ ተክለ ማርያም፣ ወረታ ከተማ መገንጠያው ላይ ካለችው የጀላል ጎማ ቤት በር ዱካ ስበው ተቀምጠዋል። የሚያዝያው ሐሩር አስፋልቱን ሊያቀልጠው ደርሷል፤ እሳቸው ግን ዛሬ ደስ ብሏቸዋል።

"ከጎተራ ነዋ! የወንድሜ የአዛናው ነው። ነፍሱን ይማረውና ገዝቶ ወር ሳይነዳበት ሞተ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሩዝ ገለባ ስር ተኝቷል፤ ፀሐይ አላየው፣ ዝናብ አልነካው። ጥርሱን እየው እስቲ!"

"ጥርሱንስ አየሁት።"

"ታዲያ ምን ያስተክዝሃል? አምስት ነበሩ። ይሄኛው አየር አልይዝ ስላለ ነው ወደ አንተ ያመጣሁት። አራቱን ሹፌሬ እንግዳው ጠዋት ገጥሟቸዋል።"

ጀላል ከጎማው ቀና አለ። "መኪናው ላይ?"

"አይ፣ በሬዎቹ ላይ!" መሪጌታ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

መኪናው አዛናው የተወላቸው ሚኒባስ ነው፤ እንግዳው ይነዳዋል፣ ሁለት ቤት ይበላበታል። የነበሩት ጎማዎች ሽቦ እስኪያወጡ ስላለቁ ዛሬ የሰበካውን ሴቶች ጣራ ገዳም አሳልሞ ለመመለስ የአዛናው ጎማዎች ከጎተራ ወጡ። ከተሳላሚዎቹ አንዷ የመሪጌታ አንድያ ልጅ ትርሲት ነች።

እንግዳው ግን ማለዳ ክሪኩን እንደያዘ አመንትቶ ነበር። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል ሲባል ሰምቷል። የጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ለመሪጌታ አሳያቸው፤ የፊቱ ሁለት አኃዝ ሳምንቱ፣ የኋላው ሁለት አኃዝ ዓመቱ። ሠላሳ፣ አሥራ አንድ። ከዚያ በኋላ ያለው ለመሪጌታ ጨዋታ ነው። ባሕረ ሐሳብን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው የሚወጡት፣ ከይፋግም ከአንበሳሜም ጾም መቼ ይገባል ተብሎ የሚላክባቸው እሳቸው ናቸው።

"አሥራ አንድ ማለት ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው፤ ሠላሳኛው ሳምንት መጋቢት መጨረሻ ላይ ይውላል። ሰባት ዓመቱ ነው፤ እሱንም በእንቅልፍ ነው ያሳለፈው። ይልቅ ፍጠን፣ ሴቶቹ በፀሐይ ቆመዋል" አሉት።

እንግዳው ፈጠነ። በቁጥር ነገር መሪጌታን ማን ይከራከራል!

ይህንኑ አሁን ለጀላል ከነኩራታቸው ተረኩለት። ጀላል ጎማውን አዙሮ ቁጥሩን ራሱ አነበበ። እኚህን ሰው ማሳፈር አልፈለገም።

"መሪጌታ፣ ጎማው ላይ ያለው በኛ አቆጣጠር አይደለም። በፈረንጆቹ ነው።"

መሪጌታ ጣት መቁጠር አላስፈለጋቸውም። የፈረንጅ ሠላሳኛው ሳምንት የኛ ሐምሌ ነው፤ ዓመቱም ሁለት ሺህ ሦስት። ለአዛናው ሲሸጡለት እንኳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ነበር የቀረው፤ ዛሬ አሥራ አምስት ሊሞላው ነው። ለደብሩ የጥምቀት ወረቀት ሲጽፉ ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን የሚያሰፍሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

"ጥርሱ እኮ ደህና ነው" አሉ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

"ጎማ ሲያረጅ ከውስጥ ነው የሚፈርሰው። ባዶውን ቢሄድ አንድ ነገር ነበር፤ በዚህ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ..." ጀላል ዓረፍተ ነገሩን ተወው።

መሪጌታ እንግዳው ላይ ደወሉ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ትርሲት ላይ ደወሉ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ጀላል በራሱ ስልክ ይፋግ አስፋልት ዳር ሱቅ ላላት እህቱ ለአሪፋ ደወለ። ነጭ ሚኒባስ ስታዪ መንገድ ገብተሽ አስቁሚ ብሎ ሳይጨርስ አቋረጠችው።

"ሴቶቹን የጫነው? አሁን አለፈ እኮ፣ ወደ እናንተ። ዝማሬያቸው ሱቅ ድረስ ይሰማ ነበር።"

ከይፋግ ወረታ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መሪጌታ አስፋልቱ ዳር ወጥተው ቆሙ፤ ጀላል ከጎናቸው። ሩዝ የጫነ መኪና መጣ። ባጃጅ መጣ። እንደገና ደወሉ፣ ይጠራል። "ዘምሩ ልጆቼ፣ ዘምሩ፤ ብቻ ግቡልኝ" አሉ ለራሳቸው። ሃያው ደቂቃ አለፈ። ሠላሳው አለፈ። ጀላል የሞተር ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

"ይውጡ ከኋላዬ፣ እንሂድ።"

መሪጌታ እግራቸውን ሳያነሱ ስልካቸው ጮኸ። የትርሲት ቁጥር ነው። በደስታ ፈጥነው አነሱት።

"ልጄ!"

"መሪጌታ" አለ የእንግዳው ድምፅ። ከበስተኋላው ዝማሬ የለም፤ ሴቶች ይጮኻሉ። "የኋላው ጎማ ፈነዳ... ተገለበጥን። ሌሎቹ ቆስለዋል እንጂ በሕይወት አሉ። ትርሲት ግን... ምነው እኔን በገደለኝ!"

ጀላል ክንዳቸውን ያዘ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ እንግዳው እያለቀሰ። "ሴቶቹ ሲዘምሩ እኔም ደስ ብሎኝ ነዳጁን ረገጥሁት። ጎማውማ ደህና ነበር፣ እርስዎ ራስዎ አይተውታል። ልጅዎን ገደልሁብዎ፤ ይማሩኝ፣ መሪጌታ፣ ስለ እመብርሃን ይማሩኝ!"

መሪጌታ የቁጥሩን ስህተት ሊነግሩት ጀምረው ይህ ብቻ ወጣላቸው።

"አንተ አይደለህም፣ ልጄ። አንተ አይደለህም።"

እንግዳው የማሩት መስሎት፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ጮኾ አለቀሰ።