የዋሳችን የመሄጃ ቀን

ጥር 9 ቀን 2091 በምሳ ሰዓት ቤታችን የነበርነው እናቴ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ዋስ ሆኖ እኛ ዘንድ የሚኖረው የድንበር ማዶው ሰው ቶሬን፣ ከማዶ የመጣችው መርማሪና እኔ ነን።

የእኛን ጨምሮ አምስት አገሮች ተባብረው ከኃይለኛው ጎረቤታቸው ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ ድንበር ላይ ያለ ቤት ሁሉ አንድ ሰው ይሰጣል፣ አንድ ሰው ይቀበላል። የትኛውም ወገን የራሱን ሰው እንዳይመታ ስለሚፈራ አይተኩስም። ቶሬን ሦስት ዓመቱን ጨርሷል። መርማሪዋ በደል አልደረሰበትም ብላ ካልፈረመች ግን እሱም አይሄድም፣ በእሱ ፈንታ የሰጠናት እህቴ ስንዱም ከማዶ አትመለስም።

«ያስገደዱህ ነገር አለ?» አለችው መርማሪዋ።

ቶሬን መዋሸት አያውቅም። «አዎ፣ በየቀኑ። በቃኝ እያልኩ ያበሉኛል።»

መርማሪዋ መጻፍ ጀመረች።

እናቴ እጇን ታጥባ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። «እንኪ ልጄ፣ በሞቴ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እማማ።»

«አፈር ስሆን። ያስገደድነው እንዲህ አድርገን ነው።»

መርማሪዋ ጎረሰች።

«ገና ሁለት ይቀርሻል» አላት ቶሬን።

አፏ እንደሞላ እየሳቀች የጻፈችውን ሰረዘችና ፈረመች።

ስንዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። እናቴ ጉርሻ ስትዘረጋላት «አመሰግናለሁ፣ በእጄ እበላለሁ» አለች። ጉርሻውን እኔ በላሁት።