የማህበሩ አያት

ፅጌረዳ አባቷን መጠርጠር የጀመረችው በሽቶው ነው።

ጋሽ ክብረት ሰባን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን የመሥሪያ ቤት መኪና ይዘው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸው፣ በልጅነታቸው በቅሎ ረግጣቸው ነው አሉ፣ በደንብ አይታጠፍም። እንዲህ ያለ ሰው የታመሙ ልጆች ወላጆች ስብሰባ ለመሄድ ሽቶ ሲቀባ ምን ይባላል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነው የሚባለው።

ስብሰባው የሄሞፊሊያ ወላጆች ማህበር ነው። የፅጌረዳ ልጅ ሚሳኤል ደሙ ቶሎ አይረጋም። ነገሩ የታወቀው በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ነው፤ ገራዡ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዶ፣ ድግሱ ተበልቶ አልቆ፣ የሕፃኑ ደም ግን አልቆም አለ።

ሐኪሙ «በእናት በኩል የሚመጣ በሽታ ነው» ያለ ዕለት የፅጌረዳ እናት ወይዘሮ ጸደንያ ከወንበር ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። «የእኔ ዘር ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁበት» አሉ። ማንም «አይደለም» አላላቸውም። ከዚያ ወዲህ የሐና ማርያምን ደጅ ሳይስሙ አይውሉም፤ የልጅ ልጃቸው ጉልበት ባበጠ ቁጥር ይቅርታ የሚለምኑት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ክብረት ግን ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እሳቸው እንደሆነ ጨው ሁሉ ነስንሰውበታል።

ማህበሩ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ፅጌረዳ ጸሐፊው ናት። ጸሐፊ ማለት ወንበር የምትደረድር፣ ለቀረው ሁሉ የምትደውል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ለፍሪጁ በረዶ ፍለጋ የምትሮጥ ማለት ነው። ፍሪጁ ውስጥ የልጆቹ መድኃኒት አለ። ደም የሚያረጋው መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ አብዛኞቹ ስምንት የሚባለውን ይወስዳሉ። ዘጠኝ የሚባለውን የሚወስዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሚሳኤልና የኤሌኒ ልጅ ቴዎ። ያንዱ ሲያልቅ ከሌላው ይበደራል። ስለዚህ ፅጌረዳ ኤሌኒን መጣላት አትችልም። ልጇ አንድ ቀን ወድቆ መድኃኒት ቢያጣ ማንን ልትለምን ነው? የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ኤሌኒ ከዝዋይ መጥታ ፉሪ የተከራየች፣ ባል የሌላት፣ ሳቂታ ሴት ናት። ወደ ማህበሩ ማን እንዳመለከታት የሚያውቅ የለም። ጋሽ ክብረት ድሮ ሚሳኤልን ስብሰባ አድርሱልኝ ሲባሉ ያጉረመርሙ ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ ከሊቀመንበሩ ቀድመው ይገኛሉ። በማይታጠፈው ጉልበታቸው ላይ ቴዎን ያስቀምጣሉ፣ ተረት ይነግራሉ፣ ጥርስ አያስከድኑም። ልጆቹ «የማህበሩ አያት» ብለው ስም አወጡላቸው። ፅጌረዳ የምታወጣላቸው ሌላ ስም ነበራት፤ አባት ስለሆኑ ብቻ አላወጣችውም።

አንድ ቅዳሜ ነርስ ሶሬቲ ለወላጆች ሥልጠና ልትሰጥ መጣች። «ወንዱ ከእናቱ ነው የሚወርሰው። እናቱ ደግሞ ከእናቷም ልትወርሰው ትችላለች፣ ከአባቷም። በሽታው ያለበት አባት ለወንዶች ልጆቹ አይሰጥም፤ ሴቶቹ ግን አንዳቸውም አያመልጡም» እያለች ታስረዳለች። ፅጌረዳ የት ሰምታ። ዓይኗ ኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ጋሽ ክብረት ብርቱካን ልጠው፣ ፍሬውን አውጥተው፣ ለኤሌኒ በመዳፋቸው ሲያቀርቡላት። አርባ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ለእናቷ ሎሚ እንኳ ቆርጠው አያውቁም።

በማግስቱ እሁድ አባቷ ከሰዓት በኋላ ኮት ለበሱ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ዕድር።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ የዕድሩ ዳኛ አቶ ሁንዴሳ መጥተው በር አንኳኩ። «ክብረት ምነው ጠፋ? በየወሩ እየቀረ እኮ ቅጣቱን አልቻለውም» አሉ።

ወይዘሮ ጸደንያ ይህን ሰምተው ነጠላቸውን አነሱ። «ለልጁ ተሳልሜለት ልምጣ» ብቻ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የጠረጠሩትን እንኳ ለመናገር አፍረው ነው። ያኔ ፅጌረዳ ደሟ ፈላ። ይህች ሴት በበሽታው ተከስሳ፣ በባሏም ተዋርዳ ልትሞት ነው? ሚሳኤልን ለጎረቤት ሰጥታ የፉሪ ታክሲ ያዘች።

ከታክሲው ስትወርድ የአባቷን አነካከስ ከሩቅ ለየችው። በአንድ እጃቸው ሽንኩርት፣ በሌላው ሙዝ አንጠልጥለዋል። አንድ ሰማያዊ በር ላይ ሲደርሱ አላንኳኩም፤ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ከፍተው ገቡ። ቁልፍ። የገዛ ቤታቸውን ቁልፍ በሳምንት ሁለቴ የሚጥሉ ሰው።

ፅጌረዳ ትንሽ ቆይታ፣ ሳይቆለፍ በተተወው በር ወደ ግቢው ገባች። ከዚያ የቤቱን በር ገፋችው።

ጋሽ ክብረት ሶፋ ላይ ተጋድመዋል። ጫማቸው ወልቋል፣ ሱሪያቸው እስከ ጭናቸው ተሰብስቧል፣ ሽቶው ቤቱን ሞልቶታል። ኤሌኒ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ያበጠ ጉልበታቸው ላይ በረዶ ይዛለች፤ ለቴዎ እንደምትይዘው አድርጋ። ቴዎ ሙዙን ጀምሮታል።

«እማዬ የእኔ ዘር ነው እያለች አልቅሳ ዓይኗ ሊጠፋ ነው» አለች ፅጌረዳ። «አንተ እዚህ ትታሻለህ።»

ጋሽ ክብረት ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። «ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ወለሉን እያዩ።

«አልቀመጥም።» ወደ ኤሌኒ ዞረች። መድኃኒቱም፣ ፍሪጁም፣ ብድሩም ገደል ይግባ ብላለች። «አንቺ ንገሪኝ። አባቴ ምንሽ ነው?»

ኤሌኒ በረዶውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሳችም።

«ለእኔም አባቴ ነው» አለች።