ዱም የእሱ፣ ጣ የእኔ

አያና አንሶላውን ከድራሙ ላይ ገፈፈና ዙሪያውን ሄዶ አየው። ከዚያ አግዳሚውን አየ።

«ወንበር የለውም?»

«ወንበሩ እሱ ነው» አልኩት።

«ይሄማ ለሁለት ሰው ነው።»

«እኛም ሁለት ነበርን።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። አያና በደሳ የተመደበ ነርስ ነው፤ ከወለጋ የመጣ፣ ረጅም፣ ትሑት ልጅ። የበደሳ ቤተ ክርስቲያን ድራሙን ለምና እሱን ላከች። የእኛ የጭሮ ሽማግሌዎች ኪቦርድ ከተገዛ ወዲህ ድራሙ ቦታ ከማጣበብ ሌላ ሥራ የለውም ይላሉ። ግን ባሌ ቢቂላ ካረፈ ጀምሮ ደፍሮ የነካው የለም፤ «ሣራ ካለች ይሂድ» አሉ። እኔ ደግሞ ሲመታ ሳልሰማ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ከገለምሶ የመጣውን «እጅህ ይከብዳል» ብዬ መለስኩት። የሚኤሶውን «ትቸኩላለህ» አልኩት። ሁለቱም ደህና አድርገው ይመቱ ነበር። ለአያናም ሰበብ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

«ሁለት ሆናችሁ እንዴት ነው የምትመቱት?»

«እሱ ትልቁን በእግሩ፣ እኔ ትንሹን በእንጨት። ዱም የእሱ፣ ጣ የእኔ።»

ነገሩ የተጀመረው በዘጠና ዓመተ ምሕረት ነው። መዘምራኑ ድራም በስጦታ አገኘን እንጂ መምታት የሚያውቅ በጭሮ አልነበረም። ቢቂላ ከድሬዳዋ አሮጌ ቴፕ ገዝቶ መጣ፤ ውስጡ ካሴት ተረስቷል። ስም አልተጻፈበትም፣ ዘፋኝ የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር የሚጣደፍ ድራም ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዘፈን ነው ብለው ሊከለክሉን ሲሉ ቢቂላ «ቃል የለውም እኮ፣ ታዲያ ምኑ ነው ዘፈኑ?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ደጋግመን ሰማነውና ይሄን አንድ ሰው ሊመታው አይችልም፣ ሁለት ሰዎች ናቸው ብለን ቆረጥን። ሁለተኛ ሰው ተፈለገ። እኔ ቅርብ ነበርኩ፤ የበለጠ መቅረብም እፈልግ ነበር።

አግዳሚውን የሠራው አናጺ እግሮቹን ወደ መሀል አስገብቷቸዋል። ከሁለት ዳር ከተቀመጡት አንዱ ድንገት ከተነሳ ሌላው ይገለበጣል። ስለዚህ ቢቂላ ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት በኦሮምኛ «ነን ከኣ» ይለኝ ነበር፤ ልነሳ ነው ማለቱ ነው። ስብከት መሀል እንኳ ጆሮዬ ሥር ይላታል፤ እኔ ወደ መሀል እንሸራተታለሁ፣ እሱ ይነሳል። ከተጋባን በኋላ ከአልጋ ሲወርድም ይናገር ነበር። አመል ሆኖበት ቀረ።

አያና አግዳሚው መሀል ተቀመጠ፣ እንጨቶቹን አነሳና ጀመረ።

ዱም አለ፣ ጣ አለ። ሁለተኛውን ዱም ስጠብቅ አዘገየው፤ ጣ ሊደርስ ሲል ብቻ ጣል አደረገው። በመሀል ትንሹን ድራም በእንጨቱ ጫፍ ያንሾካሹከዋል። ደነገጥኩ። የካሴቱ ነበር፤ የእኛው፣ ራሱ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የታወቀ ነው እኮ፣ እህት ሣራ። ድራም ኤንድ ቤዝ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ከኢንተርኔት ሰምተን ነው የተማርነው።»

«ስንት ሰው ነው የሚመታው?»

«አንድ ሰው ነዋ! እሱ የመታውን በማሽን ያፈጥኑታል።»

አንድ ሰው። ያኔ ይሄን የሚነግረን አዋቂ ቢገኝ ኖሮ ቢቂላ ብቻውን ይለማመድ ነበር፤ እኔም ከመዘምራኑ ተራ ቆሜ በሩቁ ሳየው እቀር ነበር። ትዳሩ፣ ልጆቹ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ባለማወቃችን የመጣ ነው። ያን አዋቂ በጭሮ በኩል ስላላሳለፈው እግዚአብሔርን አመሰገንኩት። ያዘጋጀሁት ሰበብም ጠፋብኝ።

«ጠጋ በል» አልኩት።

«እ?»

«ወደ ዳር ጠጋ በል። እንጨቶቹን ስጠኝ። አንተ በእግርህ ብቻ።»

ጠጋ አለ። በዱሮ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት የቦዘነ እጄ መጀመሪያ ተደናበረ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘ። የአያና ዱም ልክ ነው፣ አንድም አይስትም። ግን አክብሮኝ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። የቢቂላ ትከሻ ትከሻዬን ይነካኝ ስለነበር እግሩ ከመርገጡ በፊት አውቅ ነበር። እንዴት እንደናፈቀኝ!

ውጭ አያና የመጣበት ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋ።

«መጣን!» ብሎ አያና ብድግ አለ።

አግዳሚው ሽቅብ ተነሳ፤ እኔ ከነእንጨቶቼ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አልኩ።

«ውይ፣ እህት ሣራ! ይቅርታ! አላወቅኩም፣ ተጎዱ?»

ሳቅኩ። እየሳቅኩም አለቀስኩ። አያና ነርስ ነውና ክንዴን፣ ወገቤን እየነካካ የት እንዳመመኝ ይጠይቀኛል። ሕመሙ ግን እዚያ አልነበረም። ቢቂላ ሳይነግረኝ የተነሳው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከጎኔ።

ድራሙን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭነው በገመድ አሰሩት። አያና አግዳሚውን ትቶት ሊሄድ ነበር።

«ይሄንንስ?»

«ለእኔ በርጩማ ይበቃኛል።»

«ውሰደው። ከመዘምራኑ አንዷን አስቀምጥበት፤ እሷ በእጇ፣ አንተ በእግርህ። አንድ ሰው ይበቃል ብለህ ደግሞ እንዳትነግራት።»

አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ግን አግዳሚውን ተሸክሞ ወጣ።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ዋናው ነገር ትዝ አለኝና ነጠላዬን ሰብስቤ ከኋላው ሮጥኩ።

«አያና! ስትነሳ ግን ንገራት!»