ሥራ የፈታ እጅ

ወንድሜ የጊታር ሶሎውን ሲጨርስ የዳንስ ወለሉ ላይ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። እነሱም አዛውንቱ ልብስ ሰፊና ሚስታቸው ናቸው፤ መደነሱን ትተው፣ ተደጋግፈው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። የተቀመጠው ሰው ግን ያጨበጭባል። ወንድሜ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ፈገግ ይላል።

"ሰማሽ?" ይለኛል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። "ዛሬ ሰዉ አብዷል!"

ዓይኔ ጥግ ላይ ነው። የአዳራሹ ባለቤት ከቴፑ ጎን ቆመው አንድ ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አሳርፈዋል። ከመጀመራችን በፊት ሳያለባብሱ ነግረውናል። "ልጆቼ፣ እኔ የጠራኋችሁ ለዳንስ ነው። ዛሬም ሰዉ ወንበር ላይ ከዋለ ቴፔን እከፍታለሁ፤ እናንተም ጊታራችሁን ይዛችሁ በሰላም።"

ይህ አዳራሽ ከቀረ ሌላ የለንም። ጂፕሲ ጃዝ ለሚባለው ሙዚቃችን በሩን የከፈተልን ቤት ፈልገን ፈልገን ያገኘነው ይህንኑ ነው። ከዚህ ከተባረርን ወንድሜ ጊታሩን ሰቅሎ የአጎታችን ብረታ ብረት መደብር ይገባል፤ እኔም ለመኝታ ቤቴ ግድግዳ ስጫወት እኖራለሁ። አልፈልግም።

ሙዚቃችን ከበሮ የለውም። ከበሮው የእኔ ቀኝ እጅ ነው። የጊታሬን ክሮች እመታለሁ፣ በግራ እጄ ወዲያው አፍናቸዋለሁ፤ ችክ-ቻክ፣ ችክ-ቻክ። ደናሹ የሚረግጠው እሱን ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ወንድሜ ነው፤ በእኛ ቤት የሚቆጥረው ታላቅ ነው። አባታችን ሲያስተምረን ጀምሮ እሱ "አንድ፣ ሁለት" ይላል፣ እኔ እከተላለሁ። እሱ ይጋልባል፣ እኔ አቧራውን እጠጣለሁ።

"የሚቀጥለው ከዚህም ይፈጥናል" ይላል።

ከኋላችን ግንዱ የምንለው ጓደኛችን ትልቁን ባለ ክር መሣሪያውን፣ ባሱን፣ አቅፎ ቆሟል። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፣ ቁመቱን አይቶ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነበር የምሰማው" ይላል። "ያንተ እንቁላል ክንፍ አወጣ እንዴ?"

"ጭብጨባውን አልሰማህም?"

"ወንድም ጋሼ" እለዋለሁ፣ "የሚያጨበጭቡት እኮ ስለማይደንሱ ነው። ሥራ የፈታ እጅ ነው የሚያጨበጭበው። የሚደንስ ሰው የሰው እጅ ይዞ በምኑ ያጨበጭባል?"

"አንቺ ዝም ብለሽ ምቺ።"

በክፋት አይደለም የሚለው፣ በልማድ ነው። ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ለመቁጠር አፉን ሲከፍት እቀድመዋለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሳይቆጠርልኝ፣ ሰው ሳይቸኩል ሱቅ ሲሄድ በሚራመደው ፍጥነት እጀምራለሁ። ችክ-ቻክ።

ወንድሜ ክው ይላል። ከዚያ ይገባል፣ በራሱ ፍጥነት። ጣቶቹ ክሩ ላይ እየሮጡ ይጎትቱኛል። አንዱ ዘፈን በሁለት ፍጥነት ይሄዳል፤ ለጆሮ የሚቀፍ ነገር ነው። ከፊት የተቀመጠች ሴት ፊቷን ታጨማድዳለች። ጥግ ላይ ያለው ጣት ማብሪያውን ጫን ማለት ይጀምራል። ኀፍረት ጉንጬን ያቃጥለዋል፤ እጄም እንደ ልማዱ ልከተለው እያለ ይለምነኛል። ጥርሴን እነክሳለሁ። ብፈጥን ሞቼ እገኛለሁ!

"ነይ!" ይላል ወንድሜ በጥርሱ መሀል። "ነይ እንጂ!"

ጆሮ ዳባ ልበስ። ዓይኔን ከጣቶቹ ነቅዬ የልብስ ሰፊው ጫማ ላይ እተክላለሁ። ሰውዬው እንደተቀመጡ ተረከዛቸው ብድግ ይላል፣ ወለሉን ይነካል፣ ብድግ ይላል። ከእኔ ጋር ናቸው።

ግንዱ ያመነታል። ወንድሜን ያያል፣ እኔን ያያል። ከዚያ የባሱ ድምፅ ከእኔ ምት ሥር ገብቶ ቁጭ ይላል። ወንድሜ ብቻውን ቀርቶ ጥቂት ይሮጣል፤ በመጨረሻ እጁን ከክሩ ያነሳል።

ታላቅ ወንድሜን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። ያለ ዜማ፣ በባዶ ችክ-ቻክ፣ ሙሉ ዙር እንሄዳለን። እጄ ግን አይዛነፍም።

ልብስ ሰፊው ተነስተው ለሚስታቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ። "ነይ እስቲ፣ ይሄስ የእኛ ነው" ይሏቸዋል። ሌላ ጥንድ ይከተላል፣ ከዚያ ፊቷን ያጨማደደችው ሴት ከነባሏ። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ጫማዎች ወለሉን መርገጥ ይጀምራሉ፤ ሁሉም በቀኝ እጄ ላይ።

ወንድሜ አንገቱን አስግጎ የደናሾቹን እግር ያያል። አይቶ አይጠግብም። ከዚያ አንድ ኖታ ይጫወታል። ይጠብቃል። አንድ ሌላ ይጨምራል። የልብስ ሰፊው ሚስት ዞረው ወደ ባላቸው ሲመለሱ ደግሞ፣ ልክ እጃቸው ሲያዝ፣ ሦስተኛውን ያሳርፋል። እንዲህ ጥቂት ተጫውቶ አያውቅም፤ እንዲህ አምሮበትም አያውቅም። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ዘፈኑን ሦስታችን አብረን እንዘጋዋለን።

ማንም አያጨበጭብም። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ወንድሜ ደንግጦ ቀና ይላል።

"ምን ሆኑ?"

በአገጬ አሳየዋለሁ። ልብስ ሰፊው የሚስታቸውን እጅ አልለቀቁም። ሌሎቹም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀጣዩን እየጠበቁ ነው። ቴፑ አጠገብ ማንም የለም፤ የአዳራሹ ባለቤት የበር ጠባቂውን እጅ ይዘው መሀል ወለሉ ላይ ቆመው ወደ እኛ ያያሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ በሚል ዓይን።

ወንድሜ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተካክሎ ወደ እኔ ይዞራል።

"ቁጠሪ" ይለኛል።