ለፕላኔት የከበደ፣ ለኮከብ የቀለለ

ወጣቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ያመጣችውን ወረቀት አለቃዋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አነበቡት። በአንድ ሩቅ ኮከብ ፊት በየዘጠኝ ቀኑ እያለፈ ብርሃኑን ቀነስ የሚያደርግ ነገር አግኝታ ነበር። ስፋቱ ጁፒተርን ያክል ነበር፤ ክብደቱ ግን አርባ እጥፍ። ፕላኔት እንዳይባል ከበደ፣ ኮከብ እንዳይባል ቀለለ።

«ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። እዚያ ቢሮ ከልክ በላይ የከበደ ሁሉ «የመሣሪያ ስህተት» ተብሎ በቀይ ይሰረዝ ነበር፤ ሰራዡም እሳቸው ነበሩ። የአራት ዓመት ልፋቷን ውሃ እንዳይበላው ፈራች።

እሳቸው ግን የታችኛውን መሳቢያ ከፍተው አንድ የወየበ ወረቀት አወጡና ከእሷው ጎን ዘረጉት። ያው ኮከብ፣ ያው ዘጠኝ ቀን፣ ያው አርባ እጥፍ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሳቸው ራሳቸው የሠሩት ነበር፤ በላዩ ላይ በገዛ እጃቸው «የመሣሪያ ስህተት» ብለው ጽፈውበታል።

«እንግዲያውማ መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት!»

«ማግኘቱንማ አገኘሁት» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ማን ያምነኛል ብዬ ሰረዝኩት እንጂ። በይ፣ በአንቺው ወረቀት ላይ ስምሽን ጻፊ።»

እስክሪብቶ አቀበሏት። ቀዩን ነበር፤ ጠረጴዛቸው ላይ ሌላ አልነበረም።